በግማሽ ቻርጅ

ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ
መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደድከው ለወንድሜ ልጅ ለአልአዛር፤

የሰማይና የምድር ጌታ በሄድክበት ሁሉ ጥላ ይሁንህ። እኛ ስሙ ይባረክ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች፣ እሁድ እሁድ ከባለቤቴ ከወንጌላዊት ጋር ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። የላክኸውን ፎቶ ለጎረቤት ሁሉ እያሳየች "ከስቷል ወይስ ወፍሯል?" እያለች ታከራክረናለች።

ስልክ እያለ መጻፌ አይግረምህ። አንተ ስትደውል እናትህ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን መሀል ቤት ታስቀምጠዋለች። ክፉ ነገር ከሰማች ደግሞ ግፊቷ ይነሳል። ስለዚህ የሥራውን ነገር በወረቀት እየጻፍኩ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። አንተም እንዲሁ አድርግ።

መኪናችን ደህና ናት። የድሮዋን ሚኒባሴን ሸጬ፣ አንተም ከዚያ ልከህ ይህችን የኤሌክትሪክ መኪና ስንገዛ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ የሚያድሩት ጓደኞቼ "አንተስ ተገላገልክ!" ይሉኝ ነበር። እውነትም ተገላግዬ ነበር። ማታ ግቢ ውስጥ እሰካታለሁ፣ ጠዋት ሞልታ ትጠብቀኛለች፣ ቀኑን ሙሉ ኮንትራት ስሠራ እውላለሁ።

አሁን ግን ነገሩ እየተለወጠ ነው። የመብራት ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል። የግቢው ሰው ደግሞ "እሱ መኪናውን ሲሰካ አምፖላችን ይፈዛል፣ ፍሪጃችን ተቃጠለ" ብሎ ከሰሰኝ። አከራያችን ጠሩኝና "አቶ ግዛቸው፣ ከሁለት አንዱን ይምረጡ፤ ወይ እዚህ መሙላቱን ይተዉ ወይ ቤቱን ይልቀቁ" አሉኝ። እናትህን ይዤ ቤት ፍለጋ አልወጣም አልኩና መሙላቱን ተውኩ። አሁን የምሞላው ውጭ ካለው ቻርጅ ማድረጊያ ነው። እዚያ ዋጋው ከቤቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በሄድኩ ቁጥር ደግሞ አዲስ ዋጋ ተለጥፎ አገኛለሁ።

ከመኪናዋ ገቢ የዚህ ወር ድርሻህ ያነሰው በዚህ ምክንያት ነው። አንተ ተመልሰህ ይህችን መኪና እስክትረከበኝ ድረስ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃታለሁ።

አጎትህ ግዛቸው


ራስተንበርግ፣ ደቡብ አፍሪካ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ግዛቸው፤

አባት ሆነው ያሳደጉኝን እርስዎን ጌታ በዕድሜና በጤና ያቆይልኝ። ለአክስቴ ለወንጌላዊትና ለእናቴ በያሉበት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም አለ።

ደብዳቤዎን አነበብኩት። ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎ፣ ግን ድርሻው በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲወርድ ደነገጥኩ። እዚህ ያሉ የኛ አገር ልጆች ለዘመድ መኪና ገዝተው ገንዘባቸው የቀለጠባቸው ብዙ ናቸው። እርስዎን ከነሱ ዘመዶች ጋር እያወዳደርኩ አይደለም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ግን እዚህ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሜ ስኳርና ሳሙና ስሸጥ የምውለው ያቺን መኪና እያሰብኩ ነው። ሀዋሳ ገብቼ፣ ቁልፉን ከእጅዎ ተቀብዬ፣ እርስዎን "በቃ ይረፉ" የምልበትን ቀን ነው የምቆጥረው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ሰዎች የሚጻጻፉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቼ ጠየቅኩ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ቻርጅ ማድረጊያ ከሀዋሳው ይረክሳል አሉኝ። ስለዚህ የረጅም መንገድ ሥራ ሲያገኙ ሀዋሳ ላይ አይሙሉ። በግማሽ ይውጡና መንገድ ላይ ይሙሉ። ሌሎቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ኤሲም እንዳይከፍቱ፤ ባትሪ የሚበላው እሱ ነው።

ይህን ያልኩት ሥራዎን ላስተምርዎ ብዬ አይደለም።

ልጅዎ አልአዛር


ሀዋሳ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአልአዛር፤

ከሩቅ ሆነህ የምታስብልንን አንተን አምላክ ያስብህ። እናትህ ጤና ናት።

ቅር አላለኝም። ገንዘብህ ነው፣ ላብህ ነው፤ ብትጠይቅ ትክክል ነህ። ያልከኝንም አድርጌያለሁ። የረጅም መንገድ ሥራ ሳገኝ በግማሽ እወጣለሁ፣ መንገድ ላይ እሞላለሁ። እስካሁን አልከዳኝም፤ ልዩነቱም ይታያል።

ከተማው ውስጥ ግን ሥራው ተዳክሟል። የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሠራተኞች ማታ ማታ ወደ ቤት የማደርስበት ኮንትራት ነበረኝ። ዋጋ ልጨምር ስላቸው ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ፣ "ጋሼ፣ የኛ ደመወዝ እኮ አልጨመረም" አለችኝ። በማግስቱ ተዋጥተው ባጃጅ ያዙ። እኔ ብሆንም እንደዚያው አደርግ ነበር።

ትናንት ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ስደርስ ዋጋው እንደገና ተለውጧል። ሠራተኛዋን "ከሰሞኑ ጨምራችሁ አልነበረም እንዴ?" አልኳት።

"እኔ ነኝ እንዴ የምጨምረው?" አለች። "መሙላት ካልፈለጉ ከኋላዎ ሰው አለ።"

ከኋላዬ እውነትም ሰልፍ ነበር። ነዳጅ ሰልፍ ሸሽቼ መብራት ሰልፍ ገባሁ። የያዝኩትን ያህል አስሞላሁና ወጣሁ። ከዚያ ሁለት እንግዶች ከአውሮፕላን ማረፊያ ጭኜ ስሄድ፣ ሰውየው እያላበው "ወንድም፣ ኤሲ የለውም?" አለኝ። "ተበላሽቷል" አልኩት። አዲስ መኪና ውስጥ ተቀምጦ እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ወንጌላዊትን ገበያ ሳደርሳት ደግሞ፣ ዳገት ስንወጣ መንገዱን ትታ የባትሪውን ቁጥር ነው የምታየው። ሰው ሁሉ ቁጥሩን እንደ በሽተኛ ሙቀት ያየዋል።

እስከ ዛሬ ጠይቄህ አላውቅም። አሁን ግን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አልቀዋል። የሚቻልህ ከሆነ ለጎማው ላክልኝ። ካልሆነም እኔ እንደምንም እላለሁ።

አጎትህ ግዛቸው


ራስተንበርግ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ግዛቸው፤

ጌታ በሁሉ ነገር ይርዳዎ። ለጎማው በሰው በኩል ልኬያለሁ። ያሰብኩትን ያህል አልሆነም፣ ለአንዱ ይበቃል ብዬ እገምታለሁ። ሱቁ ሰሞኑን ትንሽ ቀዝቅዟል።

ለገና ለእናቴ በግ እንድትገዙላት ፈልጌ ነበር። ዘንድሮ ዶሮ ይሁንላት። "አልአዛር ነው የላከው" በሏት።

መኪናዋን ቢሸጧት ምን ያህል እንደምታወጣ ቀስ ብለው ያጠይቁልኝ። ለማወቅ ያህል ነው።

ልጅዎ አልአዛር


ራስተንበርግ
የካቲት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ግዛቸው፤

ሰላምዎ ይብዛ። ጥር አለቀ፣ የካቲትም ሊያልቅ ነው፤ ከእርስዎ አንድ መስመር አልደረሰኝም። ስደውል እናቴ "ተኝቷል" ትለኛለች። በቀን ተኝተው የማያውቁት ሰው!

የሰፈራችን ልጅ ያሬድ ግን የነገረኝ ሌላ ነው። መኪናዋ ሸራ ለብሳ አጥሩ ሥር ቆማለች፣ ጋሽ ግዛቸው አይነዳትም አለኝ። ተጋጭታለች? ተበላሽታለች? ወይስ በእኔ አዝነው ነው? የጻፍኩት ነገር ካስከፋዎ ይቅር ይበሉኝ። ግን መኪናዋ የእኔም ናት። ከቆመች ትሸጥ። ገንዘቡን እፈልገዋለሁ። ለምን እንደፈለግኩት አሁን አይጠይቁኝ።

አልአዛር


ሀዋሳ
መጋቢት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአልአዛር፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ከዚህ በላይ የሰላምታ ቃል አጣሁ፤ ታገሠኝ።

አላዘንኩብህም። መኪናዋም አልተጋጨችም። ብዕር አንስቼ ያስቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው።

ከእኛ ቤት በታች፣ ከማዞሪያው አልፎ ሄኖክ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው እዚህ የገባው። ሚስቱ ሄራን የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በጥቂት ሳምንት ውስጥ እግሯ ያብጥ፣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሞቹ ልቧ ነው፣ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ትድረስ አሉ። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል። የቤንዚን መኪና ያላቸው ሰልፍ ላይ ናቸው። ጥር ውስጥ ነው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሄኖክ በሩጫ መጣ።

"ጋሼ፣ መኪናዎ አለች?"

"አለች" አልኩት።

ባትሪው ከግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ ነበር። ሀዋሳ ላይ ልሞላ እችል ነበር። ሰልፉን አሰብኩ፣ ዋጋውን አሰብኩ። መንገድ ላይ እሞላለሁ፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የማደርገው አልኩ። በራሴ ሒሳብ ወጣሁ።

ልጅቷን ከኋላ አስተኛናት፤ ራሷን ሄኖክ ጭን ላይ አደረገች። ሕፃኑ ከአያቱ ጋር ቀረ። ሻሸመኔን እንዳለፍን "አፈነኝ" አለች። ኤሲውን ከፈትኩላት። ከስንት ወር በኋላ መክፈቴ ነው። ፊቷ ላይ ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስባት "ተመስገን" አለች፤ እኔ ግን የባትሪው ቁጥር ሲወርድ አያለሁ። ልዝጋው? እንዴት ብዬ? አልዘጋሁትም።

ሁልጊዜ የምሞላበት ቦታ ስንደርስ ማሽኑ ጥቁር ሆኖ ቆሟል።

ሠራተኛው ጥላ ሥር ተቀምጧል። "መብራት የለም" አለኝ። "ከጠዋት ጀምሮ ነው።"

"ጀነሬተር የላችሁም?"

"አለን። ናፍጣ የለውም።"

በቀረኝ ባትሪ ወደፊት ወዳለው ቻርጅ ማድረጊያ አልደርስም፣ ወደኋላም አልመለስም። የሚያልፉትን መኪኖች እጃችንን እያወዛወዝን ለመንን። ሚኒባሶቹ ሞልተዋል። ሌሎቹ አይቆሙም። በመጨረሻ ሄኖክ "ቅርብ ካለው ከተማ መኪና ፈልጌ ልምጣ፣ አደራ እሷን" ብሎኝ ባጃጅ ይዞ ሄደ።

እሱ በሄደበት አረፈች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

ፒክአፕ ይዞ ተመለሰ። ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ እየሮጠ ሲመጣ እጄን አነሳሁ። ምን ልል እንዳነሳሁት አላውቅም፤ እሱ ግን ገባው። መንገዱ ዳር ተቀመጠ።

አስከሬኗን ወደ ፒክአፑ ስናወጣ መብራት መጣ። ማሽኑ አረንጓዴ በራ። እነሱ ሄዱ። ያ ሠራተኛ መጥቶ "አባት፣ መጥቷል፣ ይሙላልዎት?" አለኝ። አስሞላሁ፣ አልአዛር። ምን ላድርግ? ቤቴ መግባት ነበረብኝ። ሙሉ ባትሪ ይዤ ባዶ መኪና እየነዳሁ ሀዋሳ ገባሁ።

ለቅሶ ቤት ስሄድ ዘመዶቿ ተነስተው ቦታ ለቀቁልኝ። "አብረውን የተንከራተቱ ሰው" ብለው አመሰገኑኝ። መብራቱን ነው የሚረግሙት። በግማሽ እንደወጣሁ ማንም አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ አልነዳኋትም። ሰሞኑን የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ነበር፤ ጉዱማሌ አደባባይ ሰው ጢም ብሎ፣ ኮንትራት እንደ ልብ ሲሆን ጓደኞቼ ሊጠሩኝ መጡ። አልወጣሁም። ለመሸጥ ደላላ አምጥቼ ነበር። ጥሎኝ የሄደውን ዋጋ ብነግርህ ታፍራለህ። የሚሸጠው በዝቷል፣ ገዢው ጠፍቷል።

እናትህ ወገቤን ያመመኝ ነው የሚመስላት። እንደዚያው ይሁን።

አጎትህ ግዛቸው


ራስተንበርግ
ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ። እሷን ነፍስ ይማር ማለት አቃተኝ።

"በራሴ ሒሳብ ወጣሁ" ብለው ጽፈዋል። ይህን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሼ፣ ሒሳቡ የእኔ ነው። በግማሽ ይውጡ ያልኩት እኔ ነኝ። ኤሲ አይክፈቱ ያልኩትም እኔ ነኝ። እርስዎ አንድም ቦታ ላይ አላነሱትም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔም የደበቅኩት አለ። ሱቁ ከታኅሣሥ ወዲህ የለም። የሰፈሩ ሰው በአንድ ቀን ዘርፎ ጨረሰው፤ ፍሪጁን እንኳን ሳይቀር በጋሪ ወሰዱት። አሁን በሌላ ሐበሻ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አወርዳለሁ። መኪናዋ ትሸጥ ያልኩት ለመመለሻዬ ነበር። አሁን ግን ሸጠው ቢልኩልኝም በዚያ ገንዘብ ተሳፍሬ አገሬ የምገባ አይመስለኝም። ያቺ ልጅ የተኛችበትን ወንበር ሽጬ!

ለእናቴ ምንም እንዳይነግሯት።

አልአዛር


ሀዋሳ
ሰኔ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአልአዛር፤

የሙት ልጅ አባት፣ የስደተኛ መጠጊያ የሆነው አምላክ አይለይህ። ስለ ሱቁ ስሰማ ወደ ጓሮ ሄጄ ብቻዬን አለቀስኩ። ነፍስህ ተርፋለችና ስሙ ይመስገን። ስለዚያኛው ነገር ደግሞ፣ አንተ ከሩቅ ሆነህ አንድ ቃል ብትናገር፣ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። በዚህ ነገር ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄኖክ ቤታችን መጣ። ከለቅሶው ወዲህ ፊት ለፊት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ በልብስ ስፌት ሱቁ በኩል ማለፍ ትቼ ነበር። ከስቷል። ወንጌላዊት ውኃ አቀረበችለት፣ አልጠጣም። እናትህን ይዛልኝ ወደ ውስጥ ገባች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አለ።

"ጠይቀኝ ልጄ።"

"እኔ መኪና ፍለጋ ስሄድ ምን አለች? ዘመዶቼ ተወው አሉኝ። እኔ ግን መተው አልቻልኩም።"

ለአንተም ያልጻፍኩልህ ይህን ነበር። ነገርኩት። መስኮቱን ዝቅ እንዳደርግላት ጠየቀችኝ። ከዚያ ድንገት ደረቷን በሻርፕ ሸፈነች፤ አፍራ ነበር። ጡቷ ፈስሶ ቀሚሷን አርሶታል። "ልጄ ራበው ማለት ነው፤ አሁን እያለቀሰ ነው" አለችኝ። "አያቱ አለችለት" አልኳት። "ጡጦ እኮ እምቢ ይላል" አለች። ከዚህ ሌላ አልተናገረችም።

ሄኖክ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። "ልጄ፣ እኔ ከሀዋሳ ስንነሳ ባትሪው አልሞላም ነበር። መሙላት እችል ነበር። መንገድ ላይ ይረክሳል ብዬ ነው። ሞልቼ ብነሳ መብራት ጠፋ አልጠፋ እናልፍ ነበር" አልኩት።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይመታኛል ብዬም ጠበቅኩ። እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ።

ቀና ብሎ አየኝና "የዚያን ዕለት ጠዋት የጠየቁኝን ዋጋ ያስታውሳሉ?" አለኝ።

"አስታውሳለሁ" አልኩት።

"ይቀንሱልኝ ብዬ ተከራከርኩዎት። እሷ ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት እኔ ደጅ ቆሜ ዋጋ እከራከራለሁ። እርስዎም ብዙ ሳይከራከሩ 'እሺ፣ ግድ የለም' አሉኝ። ያን ባላደርግ ሞልተው ይወጡ ነበር። እኔ ይህን እያሰብኩ ነው የማድረው፤ እርስዎ አውቀውብኝ በሱቄ በኩል ማለፍ የተዉ መስሎኝ ነበር።"

እንደዚያ አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ልለው የምችለው ነገር ሁሉ አንተ ለእኔ፣ እኔም ለአንተ የጻፍነው ሆነብኝ። እሱም እኔን አላመነኝም፣ እኔም እሱን አላመንኩትም። ሦስት ወንዶች አንዲት ልጅ ገደልን እያልን እንከራከራለን፤ ዋጋውን የሚለጥፉት ሰዎች ስማችንን እንኳን አያውቁም።

ሊሄድ ሲነሳ ዝናቡ በአንዴ ወረደ። ሕፃኑ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። "ጡጦ ለመደ" አለኝ። በዓይኑ አላየኝም።

እስኪያባራ ቆይ ብለው እምቢ አለ። ላድርስህ ማለት አማረኝ። ግን መኪናዋ ከቆመች ወራት ሆኗታል፣ ማስነሻ ባትሪዋ ሞቷል። ብትነሳስ፣ እሱ እዚያ ወንበር ላይ እንዴት ይቀመጣል? በሩ ላይ ቆሜ፣ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ በዝናቡ ሲሄድ እስከ ማዞሪያው ድረስ አየሁት።

ከሐምሌ ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት በጥበቃ ሥራ ቀጥሮኛል። የምከፈለው ለእናትህ መድኃኒት ይሆናል። አንተም ምንም እንዳትልክ። ዛሬ ጠዋት እናትህ "አልአዛር መቼ ነው የሚመጣው?" ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኳት። አልሰማኝም ብላ ጮክ ብላ እንደገና ጠየቀችኝ።

አጎትህ ግዛቸው